ሰብል የቀጠረው ቀን

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከሰሜን ሸዋ የተላኩ ናቸው። አንዱ ከአንድ ተመራማሪ ባለቤት፣ ሁለተኛው የሰብል ማሻሻያ ሊማር ካሰበ ዲያቆን፣ ሦስተኛው ከሞረትና ጅሩ ገበሬ የመጣ ነው። ሦስቱም በየበኩላቸው የሚጠይቁት፣ ሰው ምርምሩን፣ ቤተሰቡንና እምነቱን በአንድ ዕድሜ እንዴት አድርጎ ይይዛል የሚለውን ነው። እኔም በዚሁ አገር በደጋ ጥራጥሬና በገብስ ላይ 31 ዓመት ስሠራ ይኸው ጥያቄ ከቤቴ ወጥቶ ስለማያውቅ፣ መልሱን ከኖርሁት ለመስጠት እሞክራለሁ።

ጥያቄ፦ «የተከበሩ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ የግብርና ተመራማሪ ነው፤ ሥራውን እንደሚወድ፣ እግዚአብሔርንም እንደሚፈራ እመሰክርለታለሁ። ነገር ግን ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ልጆቼ አባት ያላቸው አይመስሉም። በፍልሰታ አብሮን እንዲያስቀድስ ስንለምነው ‹ባቄላው ሊያብብ ነው› ይለናል፤ በኅዳር ደግሞ ‹አጨዳ ደርሷል› ይላል። ይህ ሥራ በእውነት እንዲህ ሰውን የሚይዝ ነው ወይስ ባሌ ቤቱ ሰልችቶታል? እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።» አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እኅቴ፣ ባለቤትዎን ስለማላውቃቸው ልባቸው የት እንዳለ ልነግርዎ አልችልም፤ የሥራውን ጠባይ ግን አውቀዋለሁና ከእርሱ ልጀምር። በእኛ ደጋ ባቄላ የሚዘራው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ዘሩ መሬት ከገባ በኋላ ተመራማሪው የሚመዘግበው ነገር ሁሉ የራሱ ቀን አለው፤ የበቀለበት፣ ያበበበት፣ በሽታ የታየበት፣ የደረሰበት። አበባውን ብቻ እንውሰድ። መዝገብ ላይ የሚገባው በአንድ የሙከራ መደብ፣ ማለትም ለአንድ ዝርያ በተለየ ቁራሽ መሬት፣ ላይ ካሉት ተክሎች ግማሾቹ ያበቡበት ዕለት ነው። ዓርብ ላይ ከ10 ተክል ሦስቱ ብቻ አብበውበት የነበረ መደብ ሰኞ ሲመለሱበት ሰባቱ አብበው ይቆዩዎታል፤ ግማሽ የሆነው ቅዳሜ ይሁን እሑድ ከዚያ በኋላ በምንም መንገድ አይታወቅም። እንዲህ ያለው መደብ ደግሞ አንድና ሁለት አይደለም። 20 ዝርያ በ3 ድግግሞሽ ቢዘራ 60 መደብ ይሆናል፤ ይኸው ሙከራ በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ መሐል ሜዳና በጅሩ እነዋሪ ቢዘራ 180 ይደርሳል፤ የመንዝ ብርድና የጅሩ ሙቀት ስለሚለያይም አንዱ ቦታ ሲያብብ ሌላው ገና ቅጠል ላይ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ተመራማሪው ቀኑን ገምቶ ቢጽፍ ማንም አይነቃበትም። አለቃው አያውቅም፤ ሪፖርቱን የሚያነበውም፣ ኋላ ዘሩን የሚወስደው ገበሬም አያውቅም። እኔ ፈሪሃ እግዚአብሔር ማለት ምን እንደሆነ በሥራዬ ላይ የተማርሁት ከዚህች የመስክ መዝገብ ባዶ ሳጥን ነው። ያላየሁትን አልጽፍም፤ እንድጽፍ ከሆነ ደግሞ ሄጄ ማየት አለብኝ። ስለዚህ ባለቤትዎ በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ሲመላለሱ የሚውሉት ይህችን ሳጥን በሐሰት ላለመሙላት ሊሆን ይችላልና፣ ከቤት እንደ መሸሽ አይቁጠሩባቸው።

ለእርሳቸውም የምለው ስላለኝ ይህን መልስ እንዲያነብቡት ይስጡልኝ። መስክ የምንለው ሁሉ መስክ አይደለም። ከቤት ከሚያስወጡን ጉዞዎች መካከል ሰብሉ ራሱ የሚጠራን ለጥቂቶቹ ብቻ ነው፤ የቀረው ስብሰባ ነው፣ ዐውደ ጥናት ነው፣ ሪፖርት ነው፣ አንዳንዴም የውሎ አበል ነው። ለቤታችን ግን ሁሉንም «ሰብሉ ነው» በሚል አንድ ቃል እንሸፍነዋለን። ያላዩትን አበባ አየሁ ብሎ መጻፍ ሐሰት ከሆነ፣ ሰብሉ ያልጠራንን ጉዞ በሰብሉ ማመካኘትም ያው ሐሰት ነው።

ይህን የምናገረው እኔው ራሴ አድርጌው ነው። ሁለተኛው ልጄ የተወለደው በጥቅምት አጋማሽ ስለነበር 40 ቀኑ የሞላው በኅዳር የመጨረሻ ሳምንት፣ በአጨዳው መካከል ነው። ክርስትናው ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ መንዝ ወጣሁ። ባቄላ ከመጠን በላይ ሲደርቅ ገለፈቱ እየተሰነጠቀ ፍሬውን ስለሚያራግፍ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ መታጨድ አለበት፤ ስለዚህ መሄዴ ትክክል ነበር። ትክክል ያልነበረው ከአጨዳው በኋላ ያደረግሁት ነው። ሥራው በዋዜማው እኩለ ቀን ላይ አልቆልኝ ሳለ፣ «እዚህ ድረስ ከመጣሁ ሌላውንም ሙከራ ልየው» ብዬ አደርሁ። በማግስቱ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸና ደብረ ብርሃን የደረስሁት ጀምበር ስትጠልቅ ሆነ። ሕፃኑ አንገቱ ላይ ማዕተቡ ታስሮለት ተኝቷል። እንግዶቹ ሄደዋል። ጾመ ነቢያት ስለነበር ድፎ ዳቦና ስልጆ ተቀንሶልኝ በሰፌድ ተሸፍኗል። ባለቤቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ እጄን አስታጠበችኝና ማዕዱን አቀረበችልኝ። እኔም ስለ መኪናው መበላሸት በዝርዝር አወራሁላት፤ ካለፈው ቀን እኩለ ቀን ጀምሮ ነጻ እንደነበርሁ ግን አልነገርኋትም። የነገርኋት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የንስሐ አባቴ «ይህን ለእኔ ነግረህ አትገላገልም፤ ሂድና ለእርሷ ንገራት» ካሉኝ በኋላ ነው። በክርስትናው ቀን ከመቅረቴ ይልቅ ያስለቀሳት ያ የሁለት ሳምንት ዝምታ ነበር።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ግንቦት ሲያልቅ እኔና እርሷ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያችንን ጠረጴዛ ላይ አውርደን እንቀመጥ ነበር። እኔ ሰብሉ የሚቀጥረኝን ሳምንታት በእርሳስ አሰምራለሁ፤ እርሷ ደግሞ የማርያም ማኅበሯ የሚደርሳትን ወር፣ የልጆቹን ትምህርት መክፈቻ፣ የአባቷን ተዝካር ታሰምራለች። ሁለቱ በተጋጩበት ቀን አስቀድሞ ከሥራ ባልደረባ ጋር ቀን መለዋወጥ ይቻላል፤ በዋዜማው ግን አይቻልም። የውሎ አበል ያለበትን ጉዞ በተለየ ቀለም እንድጽፍ ያደረገችኝም እርሷ ናት። እርስዎም ባለቤትዎን ይህን ቢጠይቋቸው፣ በሰኔ የሚነገር ቀጠሮ በነሐሴ ከሚነገር ምክንያት ይልቅ ለልጆች ይቀላቸዋል።

ሥራውም ወደ ቤት የሚገባበት በር አለው። አጨዳና ውቂያ ካለቀ በኋላ የእያንዳንዱ ዝርያ የሺህ ፍሬ ክብደት ይለካል፤ ለዚህም ሺሁ ፍሬ መቆጠር አለበት። በጥር ማታ ማታ ሰፌድ ላይ ባቄላ ዘርግተን ልጆቹ ዐሥር ዐሥር እያደረጉ ይቆጥራሉ፤ እኔም በወረቀት ከረጢት ከትቼ ጠዋት ቢሮ ሚዛን ላይ አኖረዋለሁ። ትልቋ ልጄ በሰባት ዓመቷ አንድ ማታ የተጨማደዱትን ፍሬዎች እየለቀመች ከሰፌዱ ጫፍ ስታኖር አየሁና ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «አስቀያሚ ስለሆኑ ነው፣ አባባ» አለችኝ። መልከ መልካሙን ብቻ ብንመዝን ዝርያው ከሆነው በላይ ያማረ እንደሚመስል፣ ዘሩን አምኖ የሚዘራው ሰውም እንደሚጎዳ ነገርኋት። ጥቂት አሰበችና በትናንሽ ጣቶቿ አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። ስለ ሐቀኝነት ከዚያ ማታ የተሻለ ትምህርት ለልጆቼ የሰጠሁ አይመስለኝም፤ ቤት በመዋሌም ያገኘሁት ነው።

ጥያቄ፦ «አባቴ፣ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ በአጥቢያዬም በድቁና አገለግላለሁ። ስመረቅ የሰብል ማሻሻያ ልማር አስቤ ነበር። በግቢ ጉባኤ የማከብረው አንድ ታላቅ ወንድሜ ግን ‹ዘር ማዳቀል በፈጣሪ ሥራ እጅ ማስገባት ነው› አለኝ። እርስዎ ይህን ሁሉ ዓመት ሲያዳቅሉ ሕሊናዎን አልከበደዎትም?» ዲያቆን፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ልጄ፣ ወንድምህ ይህን ያለህ ለነፍስህ አስቦ ነውና አክብረው። ከመፍራትህ በፊት ግን ሥራው በእጅ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ገብስ በራሱ የአበባ ዱቄት የሚያፈራ ተክል ነው። ሁለት ዝርያ ለማዳቀል ማለዳ ትነሣና፣ ገና ከቅጠሉ እቅፍ ያልወጣውን ዛላ በወረንጦ እየከፈትህ ከእያንዳንዷ አበባ ሦስቱን የወንዴ ዘር ከረጢቶች ሳትፈርጥብህ ታወጣለህ። ዛላውን በወረቀት ትሸፍነዋለህ፤ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላም ከሌላው ዝርያ ያመጣኸውን የአበባ ዱቄት ታራግፍበታለህ፤ የእናቱንና የአባቱን ስም፣ ቀኑንም በካርድ ጽፈህ ታንጠለጥላለህ። የሰው ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። ፍሬው ይያዝ አይያዝ ቆመህ ትጠብቃለህ፤ ከተያዘም በኋላ ለገበሬ እስኪደርስ 10 ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ከተዳቀሉት አብዛኞቹም መንገድ ላይ ይቀራሉ። እኔ ወረንጦ ይዤ በተንበረከክሁባቸው ማለዳዎች ሁሉ የፈጣሪን ቦታ የያዝሁ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ትንሽነቴን ያወቅሁት እዚያ ነው።

የዚህን ትምህርት መሠረት የጣለውም መነኩሴ ነበር። ግሬጎር ሜንዴል በብርኖ ከተማ በሚገኝ ገዳም ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1863 ድረስ 28,000 ያህል የአተር ተክል እያዳቀለ ቆጠረ፤ ውጤቱን በ1866 አሳተመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የገዳሙ አበምኔት ሆኖ ተመረጠ። በ1884 ሲያርፍ ሥራውን የተረዳለት አልነበረም፤ ዓለም የነቃው በ1900 ነው። እኔን ከአተሩ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ስምንት ዓመት ሙሉ ቆጥሮ፣ ማንም ሳያመሰግነው ወደ ጸሎቱና ወደ አስተዳደሩ መመለሱ ነው።

ከእርሱም በፊት አያቶቻችን ዘር ሲመርጡ ኖረዋል። ለዘር የሚሆነውን ዛላ ከአውድማው ለይታ በጎታ የምታኖረው እናት የሰብል ማሻሻያ ሥራ ትሠራ ነበር። የዚያን ምርጫ በረከት ዓለምም ቀምሶታል፤ በካሊፎርኒያ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ በተነሣ ጊዜ የመቋቋም ባሕርዩ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል ለዓመታት ሲመሩ የደከሙት ይህ የገበሬ ዘር እንዳይጠፋ ነበር፤ በ1989ም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። አንተም ብትማር አዲሱን ዘር ስትሰጥ አሮጌው ከጎታ እንዳይጠፋ ተጠንቀቅ፤ በእኔ አስተያየት የሰብል ማሻሻያ ሰው በፍጥረት ላይ የሚበድለው ይህን ሲዘነጋ ነው።

ስለ ጸሎትና ስለ ምርምርም ላንሣልህ። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ በሰሜን ሸዋ ደጋ የባቄላን ቅጠል እያሳበጠና እያኮማተረ የሚያደርቅ አዲስ በሽታ ታየ፤ ገበሬው ቆርምድ አለው። አንድ የማከብራቸው አዛውንት ማሳቸው ዳር ቆመው «ይህ የኃጢአታችን ውጤት ነው፤ መድኃኒቱ ምሕላ ነው» አሉኝ። እሑድ ከእርሳቸው ጋር ምሕላው ላይ ቆሜ «እግዚኦ» አልሁ፤ ሰኞ ማለዳ ደግሞ ከዚያው ማሳ የታመመ ቅጠል ሰብስቤ ወደ ቤተ ሙከራ ወሰድሁ። በሽታው በአፈርና በተረፈ ሰብል ውስጥ እንደሚቆይ፣ ብርድና እርጥበት ሲበዛ እንደሚብስ፣ ሰብል ማፈራረቅና ምልክቱ እንደታየ ፀረ ፈንገስ መርጨት እንደሚያቃልለው፣ ከዝርያ ዝርያም የመቋቋም ልዩነት እንዳለ በብዙ ሰዎች ድካም ታወቀ። አዛውንቱ በቀጣዩ ዓመት ማሳቸውን ለሙከራ ሰጡን። ከምሕላውና ከቅጠሉ አንዱን መተው እንዳለብን ለእርሳቸውም ለእኔም አልታየንም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። በሙከራ ማሳ ላይ የትኛው ዝርያ የትኛውን መደብ እንደሚይዝ የምንወስነው በዕጣ ነው፤ ምክንያቱም ሰው የገዛ ልፋቱን ስለሚወድ፣ ዕጣ ባይኖር የራሴን ዝርያ ሳላውቀው ወፍራሙ አፈር ላይ አኖረው ነበር። ሐዋርያት ማትያስን በዕጣ እንደ ለዩት አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ዕጣውን ከማውጣቴ በፊት ሁልጊዜ አማትብ ነበር፤ የወጣው ካልተስማማኝም ደግሜ አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ «እኔ የሞረትና ጅሩ ገበሬ ነኝ፤ ደብዳቤውን የምትጽፍልኝ የ10ኛ ክፍል ልጄ ናት። መሬቴ ውሃ የሚይዝ ጥቁር ዋልካ ነው። የልማት ሠራተኛው ‹ቶሎ አጠንፍፉ፣ ቶሎ ዝሩ› ይለናል፤ የሰኔና የሐምሌ በዓል ደግሞ ብዙ ነው። በበዓል ቀን ውሃ ለተኛበት ማሳ ቦይ ብቆርጥለት ኃጢአት ይሆንብኛል? እርስዎስ ሰው በበዓል ያሠሩ ነበር?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን የሚፈርዱልዎ የንስሐ አባትዎ ናቸው፤ በየአጥቢያውም ጥማድ የሚከለከልበት ቀንና እጅ ሥራ የሚፈቀድበት ቀን ስለሚለያይ እርሳቸውን ሳይጠይቁ አያድርጉት። እኔ በበዓል ሰው አላሠራሁም። በመጀመሪያው ዓመቴ በወሩ ሚካኤል ቀን ዘር ላዘራ ቀጥሬ ማሳው ላይ ብቻዬን ቆሜ ዋልሁ፤ ከዚያ ወዲህ ዕቅዴን ስጽፍ በዓላቱን በቀይ እስክሪብቶ አስቀድሜ አሰፍር ነበር።

እስቲ አብረን እንቁጠራቸው። ከሰኔ 21 እስከ ሐምሌ 7 ያሉት 17 ቀናት ስንዴና ባቄላ በተጠነፈፈ ዋልካ ላይ ለመዝራት የሚፈለጉ ናቸው። በውስጣቸው ሰኔ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 ባለወልድ፣ 30 ዮሐንስ፣ ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሐምሌ 7 ሥላሴ አሉ። ሁሉንም ለሚያከብር አጥቢያ ሰባት ቀን ይሄዳል፤ ቅዳሜና እሑድ ሰንበታቱ ሲጨመሩ የሚቀረው ከስምንት ቀን አይበልጥም። ዋልካ ደግሞ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ፣ ሲርስ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ከእነዚያም ቀናት ሁሉም ለእርሻ አይመቹም። ስለዚህ እርሻው ተደጋግሞ ቦዩም ቀድሞ የወጣ እንደሆነ ለዘር የሚቀረው ሥራ አጭር ይሆናል፤ በበዓል ቀን ማሳው ላይ ውሃ ቢተኛ እንኳ መውጫው አስቀድሞ ተበጅቶለታል።

በእነዋሪ አካባቢ ውሃው እንዲጠነፍፍ ከፍ ያለውን የዘር መደብ የሚያወጡት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች፣ ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ኢልካ ይባል የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለት ማረሻ አጣምሮ ቢ.ቢ.ኤም. የተባለውን ማጠንፈፊያ ሲያዘጋጅ፣ በበሬ እየተጎተተ 80 ሴንቲ ሜትር መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ የሚያወጣው ያ መሣሪያ በጅሩ እናቶች እጅ ሲሠራ የኖረውን ሥራ ነው በእንጨትና በብረት የደገመው። እኔም ሴቶቹን የየመደቡን ስፋት እንዴት እንደሚመጥኑት ስጠይቅ በክንዳቸው ለክተው አሳይተውኛል፤ በሜትሬ ስለካው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነበር። መሣሪያው በቀበሌዎ የሚገኝ ከሆነ በጋራ ይዋሱት፤ የሚተርፈው የበሬ ድካም ሳይሆን የባለቤትዎና የልጆችዎ ወገብ ነው፤ ልጅዎም በሰኔ ፈተናዋን ታጠናበታለች።

እጅ ጽሑፏ ግልጽ ነው፤ ቁጥርም አትስትም። ዘንድሮ ግንቦት ሳያልቅ የሰኔንና የሐምሌን በዓላት ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ታስምርልዎት፤ ነጭ ሆነው የቀሩትን ቀናት ቆጥረው ከንስሐ አባትዎም ከልማት ሠራተኛውም ጋር ይነጋገሩባቸው።